የአሥራ አንድ ሰዓት ዕረፍት

ጥር 6

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ጋቢና ከፊት ይቅደም፣ ወሬዬ እንደ ተሳቢ እየተንገጫገጨ ከኋላ ይከተል። እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? የስፌት መኪናሽ ፔዳል ተሠራ ወይስ አሁንም በእግርሽ ትታገዪዋለሽ?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክሪብቶ፣ ማንም አጠገቤ ሳይቀመጥ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። የመጨረሻው ፈተና ሰው ፊት ቆሞ አንድ ገጽ ማንበብ ነበር፤ አንድም ቃል ሳልሳሳት ተወጣሁት። እሺ፣ ሁለት ቃል ተሳስቻለሁ። መምህሩ ግን "እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ በሃያ ዓመት ውስጥ አላየሁም" ብሎ ደብተሬን ለሌሎቹ አዞረላቸው። ማስተማር ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቢሆንም ሃያው ዓመት ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። አሁን ፊትም አነባለሁ።

ስልክ ለምን አታነሳም ብለሽ በባለ ቀይ ኮፍያው ሾፌር ልከሽብኛል። መጻፍ የሚችል ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል? የስልክ ወሬ እንደ ጭስ ነው፣ ደብዳቤ ግን ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ደግሞ ባለ ቀይ ኮፍያው በሳምንት ሁለቴ በእናንተ በኩል ስለሚያልፍ ከፖስታ ቤት ይፈጥናል።

ባለቤትሽ ለምን እንዳልደወለ የጠየቅሽኝን ልመልስ። የጋሼ ስልክ ተሰብሯል። የተሰበረው መኪናው ውስጥ ነው። መኪናው የድልድይ ግንብ ነክቶ ነው። እሺ፣ መንካት ብቻ አይደለም፤ ገባበት። ግን ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፦ የሞተ ሰው የለም፣ ከእሱ ሌላ የተጎዳም የለም። ጋሼን ሆስፒታል አስገብተው ታፋው ላይ ብረት አድርገውለታል። ዝናብ አግኝቶት እንዳይዝግ እንጠብቀዋለን።

አትምጪ። አራት መቶ የተማሪ ዩኒፎርም ተቀብለሽ እጅሽ ላይ ተቆልሏል፤ እሱን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ? እኔ እዚህ አለሁለት። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አልጋው አጠገብ እቀመጣለሁ። ነርሶቹ በሳቅ ሊሞቱ ነው።

ቀጥ ባለ መንገድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በጠራራ ፀሐይ እንዴት ግንብ ይገባል ብለሽ ራስሽን አታድክሚ። መንገድ ነው። መንገድ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

ወንድምሽ
(ፊርማዬን ልብ በይው። አንድ ሳምንት ነው የተለማመድኩት።)


ጥር 13

ለእትዬ፣

ሰላምታዬን ከልጆቹ ጀምረሽ እስከ ጎረቤትሽ አድርሺልኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለማንበብ፣ አንዴ ለመረዳት፣ አንዴ ስድቡን ለመቁጠር።

ቀኝ እግሩ ነው፣ ግራው አይደለም። ክፍሉ አራት አልጋ አለው፤ የእሱ በመስኮቱ በኩል ነው። ሾርባ ይጠጣል። ቶሎ አልጻፍክልኝም ያልሽውን ተቀብያለሁ፤ ይቅርታ፣ እስክሪብቶው አልቆብኝ ነው። እሺ፣ አላለቀም።

"ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄ ወረቀት ምንድን ነው?" ላልሽኝ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳሽ የለም።

ኤጀንሲያችን ሾፌር የሚያከራይ ቤት ነው። አንድም መኪና የለውም። ያለው አንድ ቢሮ፣ አንድ የስምሪት ኃላፊ፣ አንድ የሚያቃስት ወንበርና እኛ ነን። ሰው የእጅ ጋሪ እንደሚያከራይ ያከራየናል፦ ዛሬ ለዱቄት ፋብሪካው፣ ነገ ለመጠጥ መጋዘኑ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቅጽ ይሰጡናል፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደነዳሽ፣ ከስንት እስከ ስንት እንዳረፍሽ ትሞያለሽ። ደንቡ አያስቸግርም። የቀን ሥራሽን ከጨረስሽ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳታርፊ መሪ አትይዢም፤ በቃ። ከግርጌው ደግሞ አንዲት ጥያቄ አለች፦ "በዕረፍት ሰዓትህ ለሌላ ድርጅት ሠርተሃል?" ፋብሪካው የመጋዘኑን ቅጽ አያይም፣ መጋዘኑም የፋብሪካውን አያይም። ሁለቱንም የሚያየው የስምሪት ኃላፊው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያየው ሳይሞላ የቀረ ቦታ እንዳይኖር ነው።

ወንድምሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ሾፌር የመንገድ ምልክት እንጂ ፊደል አያውቅም። ጋሼም እንደምታውቂው ከቁጥር አያልፍም። ስለዚህ ማታ ከሥራ ሲገቡ ግቢው በር ላይ ለእኔ ይሰለፋሉ። ስሜን ትተው "ጸሐፊው" ነው የሚሉኝ። እነሱ የሚያመጡት አውራ ጣት ብቻ ነው፣ ሌላው ከእኔ ነው። ጠዋት ጊዜ ስለሌለ ዕረፍታቸውን ከማረፋቸው በፊት ማታውኑ እጽፍላቸዋለሁ፦ "ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት፣ ዕረፍት።" ዕረፍት የሚለውን ቃል እኔ ስጽፈው አንባቢውን ራሱን እንቅልፍ ያንጎላጀዋል።

የጋሼን ቅጽ ማን እንደሞላው ጠየቅሽኝ። በቀን ሃያ ቅጽ የሚሞላ ሰው የማንን እንደሞላ በምን ያስታውሳል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ አደጋውን ለሚመረምረው የመንገድ ተቆጣጣሪ ተዪለት።

ወንድምሽ


ጥር 18

ለወንድሜ፣

ልጆቹ ደህና ናቸው። ፔዳሉ አልተሠራም። ሰላምታው ይበቃናል።

ከኤጀንሲው ደብዳቤ መጣልኝ። "ሾፌሩ ራሱ ጣቱን ባኖረበት ቅጽ እንደተረጋገጠው አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ዕረፍት አግኝቷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የግሉ ነው" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የምታድሩበት የሾፌሮች ማረፊያ ቤት ጥበቃ ተጠይቆ በዚያ ሌሊት አልጋው ላይ ሰው እንዳልተኛ መናገሩን ይጠቅሳል። የካቲት 12 ተቆጣጣሪው ፊት ይወሰናል፤ ጥፋቱ የግሉ ከተባለ መንጃ ፈቃዱን ለዘለዓለም ይነጠቃል። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ።

አሁን ማንበብ ስለምትችል ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አንብባቸው። ሥራ ላይ አልነበረም። አልጋው ላይም አልነበረም። ታዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ የት ነበር?

በነርሷ ስልክ አገኘሁትና ጠየቅሁት። "ተኝቼ ነበር" አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሲዋሽ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጠረገ።

ሴት ካለች ንገረኝ። አልጮህም፣ ጎረቤት አልሰበስብም። ልብሱን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼዋለሁ፤ በባለ ቀይ ኮፍያው እልክለታለሁ። ትልቋ ልጅ ከረጢቱን አይታ አባባ ሊሄድ ነው ወይ አለችኝ። ሄዷል እንጂ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ መርፌዬን ፈልጊልኝ ብዬ ላክኋት።

የምትኖሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው? እስክትመልስልኝ ድረስ እሱ ጋ አልመጣም፣ ስልኩንም አላነሳም።

ቀልድ አትጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 22

ለእትዬ፣

ሴት የለችም። ይህን ከሰላምታው በፊት ያስቀመጥኩት ቀድመሽ እንድታዪው ነው።

እዚህ ጋ አንድ ቀልድ ነበረች። ሰርዣታለሁ።

ጋሼ እየነዳ ነበር። ለዱቄት ፋብሪካው ሲነዳ ውሎ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ሳይቀመጥ ለመጠጥ መጋዘኑ ሌላ መኪና ይዞ ወጣ። ባዶ ጠርሙስ አድርሶ ሙሉውን ጭኖ ተመለሰ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁልፉን አስረክቦ፣ ግቢው ውስጥ ባለችው ቧንቧ ፊቱን ታጥቦ፣ የፋብሪካውን መኪና አስነሳ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዐይኑ ተከደነ። ሌላ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ያን ሁሉ ሰዓት ሌላ ሴት ጋ ሳይሆን መሪ ላይ ነው ያሳለፈው።

የስምሪት ኃላፊው ሰው ጎድሎበት ነበር። ሰው ሲጎድልበት እንዴት እንደሚለማመጥ አታውቂውም፤ የማያውቀውን ሰው ወንድሜ ይላል፣ ትከሻ ያሻል። እሱ ነው ጉዱን ያመጣው።

ቅጹን ግን እኔ ነኝ የሞላሁት። አላስታውስም ያልኩሽ ውሸት ነው፤ እያንዳንዷን መስመር አስታውሳለሁ። የመጋዘኑ መኪና ሞተሩ ተነስቶ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሼ ጋቢና ውስጥ ነው። እኔ ከታች ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ "ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት፣ ዕረፍት" ብዬ ጻፍኩ። "ለሌላ ድርጅት ሠርተሃል?" ለምትለዋ "አልሠራሁም" አልኩ። በመስኮቱ አቀበልኩት፣ አውራ ጣቱን አኖረበት። ምን እንደሚል አልጠየቀኝም። የሚስቱ ወንድም የጻፈውን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ትልቁን ነውር ልንገርሽ። በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ጽሑፉ አምሮ ነበር። የሌላው ሾፌር ቅጽ ስርዝ ድልዝ ስለሆነ ተቆጣጣሪው ይጠራጠረዋል። የጋሼን ግን አንስቶ አይቶ "ይሄ የተጠነቀቀ ሰው ቅጽ ነው" ብሎ አመነው። የስምሪት ኃላፊው ራሱ ነው በአድናቆት የነገረኝ።

ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው። አንቺ ድምፅ ታውቂያለሽ። ወረቀት ጉሮሮ አይጠርግም።

ልብሱን ከከረጢቱ አውጪለት። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 28

ለእትዬ፣

እንዲህ አጥብቀሽ ትይዢኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኤጀንሲውን ወጥረሽ የመጋዘኑን ቅጽ ግልባጭ አስልከሻል። የጋሼን ስም ፈለግሽ፣ አጣሽው። በዚያ ሌሊት መኪናውን የነዳው ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ ፊርማው የእኔ ነው፣ ያ አንድ ሳምንት የተለማመድኩት። አሁን እኔንም አላምንም አልሽ። ልክ ነሽ። ባለፈው የነገርኩሽ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ግማሹን ትቼ በስምሪት ኃላፊው ላይ አላከክሁ።

ጉዞው የእኔ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት እሺ ብዬ የተቀበልኩት ነው። ያ ሰው ፊት ቆሞ የማንበብ ፈተና ደግሞ የዚያኑ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ። እምቢ ብል መጋዘኑ ሁለተኛ አይጠራኝም። ፈተናውን ብተው ደግሞ... ምን ልበልሽ፣ አርባ ሰው እንዲሰማኝ ፈለግሁ።

ጋሼ ከዱቄት መኪናው ሲወርድ ጠበቅሁት። ራት አልበላም። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነበር። ነገሩን ነገርኩት። ደክሞኛል አለኝ። ጠርሙስ ብቻ ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ እዚያ ሲያራግፉ ትንሽ ጋደም ትላለህ አልኩት። ሸሚዜን አየው። ተኩሼው ነበር፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቻለሁ። ከዚያ ልብሱን አራግፎ፣ "ሂድ አንብብ። እኔ እነዳዋለሁ" አለኝ።

እኔ ግን በዚህ አልበቃኝም። በስሜ ሌላ ሰው እንደነዳ ከታወቀ ሁለቱም ቦታ እባረራለሁ ብዬ አስማልኩት። ለስምሪቱም፣ ለተቆጣጣሪውም፣ ለእትዬም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል አልኩት። "ቃሌ ነው" አለ። ስለዚህ ነው ለአንቺ እንኳ ተኝቼ ነበር የሚልሽ። አንቺ ሴት አለችው ብለሽ ልብሱን ስትከቺ እንኳ ቃሉን አልበላም።

እኔ ተነስቼ ሳነብ እሱ ከከተማው እየወጣ ነበር። ሲያጨበጭቡልኝ የት እንደደረሰ በሰዓት አስልቼዋለሁ። ማስላትም አስተምረውናል።

ለተቆጣጣሪው ሁሉንም ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ሁለት ገጽ ነው። ያን ምሽት ትምህርት ቤት እንደነበርኩ መምህሩንና የስም መጥሪያውን እንዲያይ ነግሬዋለሁ። መንጃ ፈቃዴንም ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ። በአካል ገብቼ ልነግረው ነበር የሄድኩት። ቢሮው በር ላይ ስደርስ ፖስታውን ለጥበቃው ሰጥቼ ተመለስኩ።

ይህን የምጽፍልሽ ሁለት ቀን መንገድ ርቄ፣ ከጨው መጋዘን ነው። ጆንያ እሸከማለሁ። እዚህ ጸሐፊው የሚለኝ የለም፣ ማንበብ እንደምችልም አልነገርኳቸውም።

ይቅርታ ልጽፍልሽ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ቆንጆ ሆኖ እንዳይወጣብኝ ፈርቼ ተውኩት።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ለወንድሜ፣

ይህን የምጽፍልህ ከጋሼህ አልጋ አጠገብ ሆኜ ነው። ልጆቹን ጎረቤቴ ጋ ትቼ፣ የቀረውን ዩኒፎርም ለሌላ ሰፊ ሰጥቼ መጣሁ። ልብሱን አጥቤ ይዤለታለሁ። በክራንች አሥር እርምጃ ይሄዳል፤ በአሥራ አንደኛው ይሳደባል።

አልጋው በመስኮት በኩል አይደለም፤ ከበሩ ጀርባ ነው። ነርሷን ስለ አንተ ጠየቅኋት። በየቀኑ ሾርባ ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ለእሷ አቀብሎ፣ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል አድርጎ የሚመለስ ረዥም ሰው ነበር አለችኝ። ለምን እንደማትገባ ስትጠይቅህ ሥራ አለብኝ ትላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ገብተህ አላየኸውም። እሱ ግን ድምፅህን ይሰማ ነበር።

ትናንት ተቆጣጣሪው ወረቀትህን ይዞ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው። መምህርህን አግኝቶታል፣ የስም መጥሪያውንም አይቷል፤ መኪናውን አንተ እንዳልነዳኸው አምኗል። ወደ ጋሼህ ዞሮ እንግዲያው የነዳኸው አንተ ነህ ወይ አለው። አይደለሁም አለ። ታዲያ ይሄ ወረቀት ምንድን ነው ሲለው፣ ልጁን ተወው፣ ጉራ ይወዳል፣ ያላደረገውን አደረግሁ ማለት ከልጅነቱ የለመደው ነው አለው። ተቆጣጣሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ። ይሄ የተጻፈው እውነት ከሆነ ጥያቄው ወደ ኤጀንሲው ይዞራል፣ መንጃ ፈቃዱም ሊመለስለት ይችላል አለኝ። ግን የነዳው ሰው በአፉ አልነዳሁም እያለ፣ ጸሐፊው ደግሞ ፖስታ ጥሎ ጠፍቶ፣ በዚህ ብቻ መፍረድ አልችልም አለ። የካቲት 12 የሚቀርብለት ሌላ ነገር ከሌለ የሚወስነው በመጀመሪያው ቅጽ ነው። በዚያ በሚያምረው።

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ጽፎልኛል፣ አውቄያለሁ አልኩት። ደብዳቤህን አውጥቼ አሳየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ተኝቼ ነበር" አለኝ።

"የት?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "አልጋዬ ላይ።"

ልቆጣው አስቤ አቃተኝ። እጁን ያዝኩት። እኔ ሚስቱ ነኝ፣ የልጆቹ እናት ነኝ፤ ለአንተ የገባውን ቃል ግን እኔ ልፈታው አልችልም። ያሰርከው አንተ ነህ።

ይቅርታ ስላልከው ነገር አሁን አላወራም። ተናድጄብሃለሁ፤ ንዴቱ ገና ብዙ ይቆያል። አሳድጌሃለሁና ሲበርድም አውቀዋለሁ።

ከጨው መጋዘኑ የካቲት 9 የሚነሳ አውቶቡስ አለ፣ የካቲት 11 እዚህ ያደርስሃል። ሌላ ወረቀት ጽፈህ እንዳትልክለት። እሱ ማንበብ አይችልም፣ እኔም አላነብለትም። ያን ቀን ጋቢናው ሥር ቆመህ እንዳስማልከው አሁንም በአፍህ "ተናገር" በለው፤ ከአንተ ሌላ ይህን ሊለው የሚችል ሰው የለም። ስትመጣ ሾርባ አያስፈልግም። ነርሷን አትጥራት፣ ቀልድም አታሰናዳ። በሩ ላይ አትቁም።

ግባ።

እህትህ